የሎሚ ታርት በሦስት ጣት ቅቤ

ሻንጣዬ የታሸገው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ያሸግኩት እኔ አይደለሁም፤ ልጄ ሰብለ ናት። ሁለት ቀሚሴን፣ ነጠላዬን፣ የጉልበቴን ቅባትና የጸሎት መጽሐፌን አጣጥፋ ከተተችና ዚፑን ዘጋችው። ከዚያ መኝታ ቤቴ በር ሥር አቆመችው።

«ነገ ከቅዳሴ በኋላ ግርማ መጥቶ ይወስድሻል፣ እማዬ» አለችኝ። ሐኪም ቤት ቀጠሮ የያዘችልኝ ነው የሚመስለው አነጋገሯ።

ግርማ ወንዱ ልጄ ነው። ቤቱ ከላምበረት ወዲያ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰር የለውም። ጉልበታችሁ ደህና ከሆነ ይሄ ምንም ላይመስላችሁ ይችላል። እኔ ግን አምና ለትንሣኤ ሄጄ፣ አንዴ ደረጃውን ከወጣሁ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ መሬት አልረገጥኩም። በረንዳ ላይ ተቀምጬ ከላይ የሰው አናት ሳይ ከረምኩ። ግርማ ጥሩ ልጅ ነው፤ ሚስቱም ጥሩ ናት፤ ክፉው ደረጃው ነው። አሁን ደግሞ የምሄደው ለበዓል አልነበረም። መቼ እንደምመለስ የነገረኝ ሰው የለም።

እኔ ደግሞ እግሬ ቤት አይወድም። የሰብለ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ቢሆንም አሳንሰር አለው። ጠዋት እወርድና ቦሌ መድኃኔዓለም ተሳልሜ፣ በዚያው ቀስ እያልኩ፣ ደክሞኝ ስቀመጥ፣ ተነስቼ ስሄድ፣ ወሎ ሰፈር እደርሳለሁ። ጋራዥ ያሉት ልጆች «እማማ፣ ዛሬ አረፈዱ!» ይሉኛል። ቅቤ ነጋዴዋ ዘይነባ ሱቅ ውስጥ የራሴ በርጩማ አለኝ። እሷ ስለ ምራቷ ታማለች፣ እኔ ስለ ልጄ አማለሁ፣ ሁለታችንም ቀለል ብሎን እንለያያለን። ከዚያ በታክሲ ወደ ቤት። ሕይወቴ ይኸው ነው። ትንሽ ናት፤ ግን አራተኛ ፎቅ ላይ አትወጣም።

ጥፋቴ ምን ነበር ብትሉ፣ ቅቤ ነው። ራሴን ቅቤ እቀባለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳምንት ካለፈኝ አናቴን ይፈልጠኛል። ከዘይነባ የሸኖ ለጋ ቅቤ እገዛና በአሮጌ የአይስክሬም ዕቃ አስቀምጣለሁ። ጠዋት ሦስት ጣቴን እሰድና ዝቄ አናቴ ላይ ጣል አደርጋለሁ። በቃ፣ ሌላ ወንጀል የለብኝም። ሰብለ ግን «ቤቱ ቅቤ ቅቤ ይሸታል» ትላለች። መጀመሪያ መስኮት ትከፍት ነበር። ቀጥሎ የሚሸት ሻማ ገዛች። ቀጥሎ ለእኔ ሻምፖ ገዛች። በመጨረሻ ሻንጣ አመጣች።

ትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ሰብለ ትንሽ ሆና የቤት ሥራዋን ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጬ ነው። «ይቺ ማን ናት እማዬ? ይቺስ?» እያለች ታፋጥጠኝ ነበር። ይኸው ዛሬ እሷን የማማበትን ፊደል ያስተማረችኝ ራሷ ናት።

ሻንጣው ለምን በዚያ ቅዳሜ ታሸገ? የሰብለ ልጅ ሊዲያ፣ የልጅ ልጄ ማለት ነው፣ ዮናስ ከሚባል ልጅ ጋር ተዋዳለች። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የዮናስ እናት፣ ወይዘሮ ማርታ፣ ቤቱን አይታ ትተዋወቅ ተባለ። ሴትዮዋ ፈረንሳይ አገር ሃያ ዓመት ኖራ የተመለሰች ናት። ሰብለ ይህን ከሰማች ጀምሮ እንቅልፍ አጣች። ክትፎ ቢሆን፣ ዶሮ ቢሆን፣ የምትችለውን ብትሠራ ምን ነበረበት? የለም። የሎሚ ታርት ነው የምሠራው አለች። የሎሚ ታርት ማለት፣ ካላያችሁት፣ እንደ ብስኩት በሚፈረፈር ሊጥ ላይ የሎሚና የእንቁላል ክሬም ተሞልቶ የሚበላ የፈረንሳዮች ጣፋጭ ነው። ሴትዮዋ ሃያ ዓመት ሙሉ እሱን በልታ ነው የመጣችው። ሰብለ ደግሞ ከዚያ ቀን በፊት ኦቭኑን የምትጠቀምበት ድስት ለማስቀመጥ ነበር።

እንግዶቹ የሚመጡት አሥር ሰዓት ላይ ነው። ሰብለ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ስልኳን ብርጭቆ አስደግፋ ማዕድ ቤት ቆመች። ስልኩ ውስጥ አንዲት ቀጭን ሴትዮ ታወራለች፤ ሊዲያ ታስተረጉማለች። እኔ ማዕድ ቤቱ በር ላይ በርጩማዬን ይዣለሁ። ወደ ውስጥ መግባት ክልክል ነው፤ ማየት ግን ገና አልተከለከለም ነበር።

«ጨው የሌለው ቅቤ ነው የምትለው» አለች ሊዲያ።

«አለ፣ ትናንት ያገኘሽው።»

ሊዲያ ሦስት ሱፐርማርኬት ዞራ አንዲት ሳሙና የምታክል ጨው አልባ ቅቤ አግኝታ ነበር። የቀረው ሁሉ ጨው ያለበት ወይም ማርጋሪን ነው። ሰብለ ዱቄቱን፣ የተፈጨ ስኳሩን፣ የእንቁላል አስኳሉንና ያቺን ቅቤ አሸችው።

«አሁን ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሰዓት ይረፍ ትላለች» አለች ሊዲያ።

«አንድ ሰዓት የምን ዕረፍት ነው? ምን ሠርቶ ደከመው?»

እኔ ከበሩ ላይ፣ «ሊጥ ካላረፈ ይኮማተራል፣ ሰብልዬ» አልኩ።

«እማዬ፣ ይሄ ያንቺ ሊጥ አይደለም። ይሄ ፈረንሳይ ነው።»

ፈረንሳይ አገር ሊጥ ሌላ ጠባይ ይኖረው ይሆናል።

ሊጡን ዳምጣ መጋገሪያው ቆርቆሮ ላይ ዘረጋችው። ቀጥሎ ያደረገችውን ግን እስከ ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል። ወረቀት አነጠፈችበትና አንድ ኪሎ የሚሆን ጥሬ ሽምብራ ዘረገፈችበት።

«ይሄ ሽምብራ ለማን ነው?» አልኳት።

«ለማንም አይደለም። ሊጡ እንዳይነፋ ይጫነዋል፤ በኋላ ይወጣል።»

«ከወጣ በኋላስ?»

«ይጣላል።»

አንድ ኪሎ ሽምብራ! ሥራው ሊጥ ላይ መቀመጥ ብቻ! እኔ እንኳ እዚህ ቤት ከዚያ የተሻለ ሥራ አለኝ ብዬ አሰብኩ። ቀጥሎ ግን ለሁለታችንም የታሰበልን ነገር አንድ መሆኑ ትዝ አለኝ፤ ሲበቃ መውጣት።

ሊጡ ከኦቭን ሲወጣ ዳርና ዳሩ ተንሸራትቶ መሐል ላይ ተከምሯል። የላም እበት ነው የሚመስለው፤ ለዚያውም ሽምብራ የተሰገሰገበት። ሰብለ አየችው። እኔም አየሁት። ምንም አልተናገርኩም። አለመናገሬ የባሰ አናደዳት መሰለኝ፣ «ምን ትስቂያለሽ?» አለችኝ።

«ኧረ አልሳቅኩም።»

«ዓይንሽ ስቋል!»

ስድስት ሰዓት አለፈ። ሊዲያ ሌላ ቅቤ ፍለጋ ተላከች። ሰባት ሰዓት ሆነ። «የለም፣ ሌላ ቦታ ልሞክር» ብላ ደወለች። መንገዱም ተዘግቷል። ሰብለ ላቧን እየጠረገች ፍሪጁን ከፈተች፣ ዘጋች፣ እንደገና ከፈተች። እጇን ከእርጎው ጀርባ ሰደደችና አንድ ዕቃ አወጣች።

የአይስክሬም ዕቃ። የእኔ።

አስቀድሞ ሁልጊዜ ክፍሌ ውስጥ ነበር የሚቀመጠው። ሐሙስ ዕለት ሊዲያ «እማማ፣ ለመንገድ ይጠንክርልሽ» ብላ ፍሪጅ ከታልኝ ነበር፤ ሰብለ አታውቅም፤ ዕቃውንም አይታው አታውቅም። ክዳኑን ከፈተች። ቅቤው ነጭ፣ ደረቅ፣ የሚያምር ነው። አንድ ጥግ ላይ የሦስት ጣቴ ፈለግ እንደ ትልም ተሰምሯል።

«ይቺ ልጅ! ቅቤ እያለ ነው እንዴ የምትንከራተተው? ይኸው፣ በማንኪያ ሳይቀር ቀምሳዋለች!»

ቅዝቃዜው ሽታውን ይዞታል። የተፈቀፈቀው የሎሚ ልጣጭ ደግሞ ቤቱን ሞልቶታል። አፌን ከፈትኩ። ልነግራት ነበር፤ እመኑኝ። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። ልክ ያኔ ሰብለ ቅቤውን በቢላ እየቆረጠች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ እንዲህ አለች፦

«እማዬ፣ እንግዶቹ ሲመጡ ክፍልሽ ሁኚ እሺ? በሩን ዝጊው። ሽታው እንዳይወጣ።»

አፌን መልሼ ገጠምኩት።

በዚህኛው ዙር ሊጡን አሳረፈችው። «ሴትዮዋ ያለችው ልክ ነው» አለች። እሺ፣ ሴትዮዋ ትሁን። ሽምብራው ሁለተኛ ተሾመ። ሊጡ ሲወጣ ወርቅ መስሏል፤ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ቀጥሎ የሎሚውን ጭማቂ ከእንቁላልና ከስኳር ጋር በትንሽ እሳት ማማሰል ጀመረች። መሐል ላይ ስልኳ ጮኸ፤ ወይዘሮ ማርታ ናት። ሰብለ ማንኪያውን እጄ ላይ ወረወረችና፣ «እንዳይፈላ! እንዳታቆሚ!» ብላ ሳሎን ሮጠች። እገዳው ተነሣ ማለት ነው። አጥሚት ሳማስል ነው የኖርኩት፤ ይሄ ደግሞ የአጥሚት ልጅ ነው። እሳቱን ዝቅ አድርጌ፣ ሥሩን እየፋቅኩ፣ ማንኪያውን ሲሸፍነው አውርጄ፣ ተቆርጦ የተቀመጠውን ቅቤ ጨመርኩበት። በገዛ እጄ። ጣቴ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስኩት።

ጣፋጭ ነበር። ተናደድኩ።

ሰብለ የሞላችውን ታርት ፍሪጅ ከታ ልብስ ልትቀይር ስትሄድ ሊዲያ ባዶ እጇን ገባች። ጠረጴዛው ላይ ግማሽ የቀረውን ዕቃ አየች፤ ታርቱን አየች፤ እኔን አየች።

«እማማ… ይሄ ያንቺ አይደለም?»

«ነው።»

«የራስ ቅቤሽ?»

«እሱው።»

«ማሚ ታውቃለች?»

«ማን ይነግራታል? እኔ በሬን ዘግቼ እንድቀመጥ ታዝዣለሁ።»

አፏን በሁለት እጇ ይዛ ሳቀች። ወዲያው ደግሞ ፊቷ ተቀየረ። «እማማ፣ የዮናስ እናት እኮ ናት! ኦ ማይ ጋድ! አሁን ብነግራት ማሚ ልቧ ነው ቀጥ የሚለው…» ስትል የበሩ ደወል ጮኸ። ገና አሥር ሰዓት አልሆነም። እኔ ተነሥቼ ክፍሌ ገባሁ። በሩን ዘጋሁት፤ ግን ጥቂት ገርበብ አድርጌ። ጆሮ አይሸትም።

የወይዘሮ ማርታና የዮናስ ሰላምታ አለቀ፣ የአየሩ ሁኔታ አለቀ፣ የመንገዱ መዘጋጋት አለቀ። ሰሃን ተንኳኳ። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ፣ ሻንጣዬ አጠገቤ ቆሞ፣ የሴትዮዋን ማኘክ ስጠብቅ ደቂቃው አልሄድ አለ።

«ሰብለ» አለች ወይዘሮ ማርታ። «ይሄን ቅቤ ከየት አገኘሽው?»

«ምነው… ችግር አለው?»

«አዲስ አበባ ከገባሁ ጀምሮ እንዲህ ያለ ቅቤ አልቀመስኩም። ሁሉም ማርጋሪን ነው። ይሄ እርሾ እርሾ የሚል ነገር አለው። የት ነው የምትገዢው?»

«የፈረንሳይ ነው» አለች ልጄ፤ ያሳደግኳት ልጅ። «ከዚያው ነው የሚመጣልኝ።»

«ማን ነው የሚያመጣልሽ? እኔንም አገናኚኛ!»

«አንድ… የሚመላለስ ሰው አለ። ተራ ያስጠብቃል።»

ሊዲያ ውኃ ትን አላት። እኔም ትራሴን አፌ ላይ ያዝኩ።

«ይሁን። እናትሽስ? ዮናስ አያት አለች ብሎኛል።»

«ትንሽ አሟት ተኝታለች።»

«ታዲያ ሳልስማቸው ልሄድ ነው? ነውር አይደለም እንዴ? ቁራሽ ይዤላቸው ልግባ።»

የሰብለን ጫማ ኮቴ ከኋላ ኋላዋ ሲሮጥ እሰማለሁ፤ አልደረሰባትም። በሩ ተከፈተ። ወይዘሮ ማርታ ረዘም ያለች፣ ጸጉሯ እስከ ትከሻዋ የተኛ፣ ሽቶዋ ከእሷ ቀድሞ የሚገባ ሴት ናት። ሰሃን ይዛለች። «እንዴት ነዎት እማማ? አመመዎት አሉኝ» ብላ ጎንበስ አለች። ቀኝ ጉንጬን ሳመችኝ። ግራዬን ሳመችኝ። ሦስተኛውን ልትስመኝ ወደ ቀኝ ስትመለስ አፍንጫዋ ጆሮዬ አጠገብ ደረሰና ቆመ።

አሸተተች። ቀና ብላ ሰሃኑን አሸተተች። እንደገና አናቴን አሸተተች።

«እማማ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «የርስዎም ቅቤ የፈረንሳይ ነው እንዴ?»

«የሸኖ ነው ልጄ። ወሎ ሰፈር ነው የምገዛው፣ ዘይነባ ጋ።»

ሰብለ በሩ ላይ ቆማለች። ያን ፊት አውቀዋለሁ። የሰባት ዓመት ልጅ ሆና የጎረቤት እንስራ ሰብራ ስትመጣ ያየሁት ፊት ነው። ቀኑን ሙሉ ስጠብቀው የዋልኩት ፊት እሱ ነበር፤ ስታፍር ላያት ነበር የፈለግኩት። አሁን ፊቷ መጣ። ከኋላዋ ደግሞ የሊዲያ ፊት አለ፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። እሱን አላሰብኩትም ነበር። ይገርማችኋል፣ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ስለዚያች ልጅ አንዴም አላሰብኩም።

«እኔ ነኝ የሰጠኋት» አልኩ። «ከሱፐርማርኬቱ ይሻላል ብዬ። አዲስ ነው፤ ጣት አልነካውም።»

የጸሎት መጽሐፌ ሻንጣ ውስጥ ስለነበረ አልሰማኝም።

ወይዘሮ ማርታ ሰሃኑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። አልጋዬ ላይ፣ አጠገቤ ቁጭ አለች። ከዚያ እጇን ወደ አናቷ ልካ ያን የተኛ ጸጉር እንዳለ አውልቃ ጭኗ ላይ አኖረችው። ዊግ ነው! ከሥሩ አጭር፣ የሳሳ፣ እንደ በጋ መሬት የተሰነጣጠቀ አናት ወጣ።

«ሃያ ዓመት» አለች። «ሃያ ዓመት ሙሉ ያልቀባሁት የለም። ያሳክከኛል፣ ይፈልጠኛል። ተርፎዎታል?»

«ሰብለ» አልኩ፣ «ዕቃዬን አምጪልኝ። ፎጣም ጨምሪ።»

አመጣች። ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ያለበሰቻት ሰብለ ራሷ ናት። ሦስት ጣቴን ሰደድኩና ዝቄ የሴትዮዋ አናት ላይ አኖርኩት፤ ማሸት ጀመርኩ። ዓይኗን ጨፈነች። ክፍሉ ሁሉ ቅቤ ቅቤ ሸተተ። ሰብለ መስኮት አልከፈተችም።

ወይዘሮ ማርታ ዓይኗን ስትገልጥ ሻንጣውን አየችው። «መንገድ አለብዎት እማማ?»

«አይ፣ ልብስ ነው…» አለች ሰብለ ቶሎ ብላ።

ያን ጊዜ ግን አፌ አልገጠም አለኝ። «ነገ ላምበረት ልሄድ ነው። ቤቱ ቅቤ ቅቤ ሸተተ ተብዬ።»

ቅቤው እየቀለጠ በወይዘሮ ማርታ ግንባር ወረደ። በአንድ ጣቷ ጠረገችውና ወደ ልጄ ዞረች።

«ሰብልዬ፣ እኔንስ ወዴት ልትልኪኝ ነው?»

መጀመሪያ የሳቀው ሳሎን የነበረው ዮናስ ነው። ከዚያ ሊዲያ፣ ከዚያ እኔ። ሰብለ ስቃ ይሁን አልቅሳ እስካሁን አላወቅኩም፤ የፎጣውን ጫፍ ፊቷ ላይ ይዛው ነበር።

እሑድ ግርማ መጣ። የተረፈውን ታርት በላ፣ «ምን አግብታችሁበት ነው እንዲህ የሚጥመው?» አለ፣ መልስ የሰጠው ሰው የለም፤ ብቻውን ተመለሰ። ሽማግሌዎቹም ጊዜያቸውን ጠብቀው መጡ። ወይዘሮ ማርታ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ዊጓን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ትመጣለች። አሁን ፍሪጁ ውስጥ ሁለት ዕቃ አለ። ሊዲያ አንዱ ላይ «ለታርት»፣ አንዱ ላይ «ለእማማ» ብላ ጽፋበታለች። ሰብለ የታርቱ የተለየ፣ የተመረጠ ቅቤ ነው ትላለች ለሰው። ከዘይነባ አንድ ላይ ገዝቼ ለሁለት የምከፍለው እኔ ነኝ። በምን እንደምከፍለው አትጠይቁኝ።

እንግዲህ ለምን ይሄን ጻፍኩላችሁ? ሰው ሁሉ ገር ሴትዮ ናት ይለኛል፤ እኔም አምኜው ኖሬ ነበር። ያን ቅዳሜ ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ዋጥኩና፣ የዋጥኩባትን ልጄን ለማሳፈር ስል ምንም ያላደረገችኝን የልጅ ልጄን ሠርግ ላበላሽ ነበር። ዳነልኝ፤ በእኔ ብልሃት ሳይሆን በሴትዮዋ አናት ድርቀት ነው የዳነልኝ። ስለዚህ አሁን ነገሩ ትንሽ ሳለ እናገራለሁ። «አስቀየምሽኝ» እላለሁ፣ እዚያው ማዕድ ቤት ውስጥ፣ ማንኪያ በእጄ ይዤ። የእኔ ቢጤዎች፣ ልጆቻችሁ ቤት ጥግ ይዛችሁ ዝም ያላችሁ፣ ዝምታችሁን ገርነት ነው አትበሉት። ፍሪጅ ውስጥ ምን እያስቀመጣችሁ እንደሆነ አታውቁም።

ሻንጣዬስ ትሉኝ ይሆናል። አልፈታሁትም። ያሸገው ሰው ይፍታው ብዬ በሩ ሥር ተውኩት። ሰብለ ቤት ስታጸዳ ዙሪያውን ትወለውላለች፤ እኔ ነጠላ ሳጣ የሊዲያን እለብሳለሁ። እልኽ ተያያዝን። እንዲህ ሆነን ወራት አለፉ።

ባለፈው ሐሙስ ከወሎ ሰፈር ስመለስ ክፍሌ ውስጥ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ዚፑ ተከፍቷል። ቀሚሶቼን አንድ በአንድ እያወጣች ታጥፋለች። አላየኋትም እንደማለት አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። የጸሎት መጽሐፌን ትራሴ ሥር መለሰችው። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ ጉልበቴ ሥር ጠጋ ብላ፣ ማስያዣዋን ከጸጉሯ ፈታች።

«ትንሽ ብቻ» አለችኝ። «ሽታው እንዳይበዛ።»

ሦስት ጣቴን እስከ ሥሩ ሰድጄ ዛቅኩላት።